አስራ አንድ ደቂቃ

መጨረሻው ፌርማታ ላይ፣ ሰው ሁሉ ሲወርድ፣
ቁልፉን አዞራለሁ፤
ሞተሩ እንደ ደከመ ፈረስ አንዴ ተንፍሶ ሲበርድ፣
እጄን ከመሪው ላይ ጣት በጣት አነሳለሁ።

እዚህ ላይ ነው ሞንቴቪዴዮ የምታልቀው፤ ከዚህ ወዲያ ውሃ፣
ወንዝ የሚሉት፣ ማዶ የሌለው፣ ቡናማ በረሃ።

አስራ አንድ ደቂቃ ነው ወረቀቱ የሚሰጠኝ፤
ስድስቱን መንገዱ በልቶት አምስት የሚተርፈኝ፣
ዝናብ የጣለ ለት ደግሞ ምንም የማይደርሰኝ።

ቲኬት ቆራጩ ዊልማር፣ ሳንቲሙን በከረጢት ቋጥሮ፣
«ኔልባ፣ ወጣሁ» ይለኛል፣ ፔርሙዙን ብብቱ ሥር አኑሮ፤
መራራ ቅጠል በቅል ሞልቶ፣ በብረት ቀሰም እየማገ፣
ድንጋዩ ላይ ይቀመጣል፣ ፊቱን ወደ ውሃው እንዳደረገ።

እኔ አልወርድም።
ፀሐይ ወዳገኘው፣ ወደ አራተኛው ወንበር እሄዳለሁ፤
ጫማዬን አወልቃለሁ፤
እንደ ተሳፋሪ እቀመጣለሁ፣
የትም የማልሄድ ተሳፋሪ፣ ማንም የማይነዳኝ፣
ጥሩምባ የማይጠራኝ፣ ቀይ መብራት የማያግደኝ።

መጀመሪያ ጆሮዬ ይመለሳል፣ ከሞተሩ ጩኸት ሥር ወጥቶ፤
ከዚያ አንገቴ፤ ከዚያ ትከሻዬ ዝቅ ይላል፣ ሸክሙን ፈትቶ።
እግሬ ግን ቶሎ አያምንም፤ ባዶ ወለል ላይ ፍሬን ይፈልጋል፤
አንዴ ይረግጣል፣ ሁለቴ፣ ከዚያ ይተወዋል።

«ምን ስታስቢ ነበር?» ይለኛል ዊልማር።
ምንም።
ምንም አለማሰብ ምን ያህል ከባድ ሥራ እንደሆነ፣
ያልሞከረው ሰው ነው፣ ሥራ ፈት እያለ የኮነነ።

ድሮ እንዲህ አልነበርኩም።

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ሚያዝያ፣ እዚህ ቅጠል በሚረግፍበት፣
ሁለት ሾፌሮች ታመው የነሱን ፈረቃ በደረብኩበት፣
ፌርማታው ላይ ሳልቆይ፣ እንደ መጣሁ እየዞርኩ፣
ዳቦዬን ቀይ ላይ እየገመጥኩ፣ አረንጓዴ ላይ እየዋጥኩ፣
አስራ አራት ቀን ነዳሁ፤ ማንንም አልገጨሁ፤ ሰዓት አላዛባሁ፤
አለቃዬ አመሰገነኝ፤ እኔም በምስጋናው ኮራሁ።

በአስራ አምስተኛው ቀን፣ ትምህርት ቤት በሚለቀቅበት ሰዓት፣
ዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት አንዲት ልጅ እጇን ስታወዛውዝ አየኋት።
አየኋት ማለቴ፣ ዓይኔ አያት፤ ቢጫ ጃኬት፣ ትልቅ ቦርሳ፤
እንደ መብራት እንጨቱ፣ እንደ ቆሻሻ ገንዳው፣ ገና ሲታይ የሚረሳ።
አለፍኳት።

«ኔልባ!» አለ ዊልማር፣ ሳንቲሙ እጁ ላይ ቀርቶ፤
«ልጅሽ'ኮ ናት!»

በመስታወቱ ዞሬ አየሁ፤ እጇ ገና አልወረደም፤
እያነሰች፣ እያነሰች፣
አልሮጠችም፣ አልጮኸችም።

ማታ፣ እራት ላይ፣ «ሥራ ላይ ነበርኩ'ኮ» አልኳት።
ማይቴ ሹካዋን አስቀመጠች፤ እጇን ቀስ አድርጋ አንስታ፣
«እንዲህ ነበር ያደረግኩት» ብላ አሳየችኝ፣
እንዳልገባው ሰው፣ እንደገና፣ ረጋ ብላ፣ ሳትቆጣ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ፤
የኔ ግን መቀነት አልነበረም።

አሁን፣ አምስትም ትትረፍ፣ ሦስት፣ በሩን ዘግቼ እቀመጣለሁ፤
ውጭ የቆመ ሰው ሲያንኳኳ፣ ሰዓቴን እያሳየሁ ይቅርታ እላለሁ።
አንድ ቀን አንዲት ባልቴት ሰደበችኝ፤ ልክ ነበረች፤ ነፋሱ አጥንት ይሰብር ነበር።
እኔም ልክ ነበርኩ። ሁለት ልክ ሰዎች፣
መካከላቸው መስታወት ነበር።

ዊልማር በቅሉ ጫፍ በሩን ሁለቴ ይመታል።
ጫማዬን አጠልቃለሁ። ሙቀቴ ወንበሩ ላይ ይቀራል፣
ለሚቀጥለው ሰው።
መሪው በርዶ ጠብቆኛል። ቁልፉን አዞራለሁ።

አንደኛው ፌርማታ ላይ በሩ ሲከፈት፣
አንዲት ሴት ትወጣለች፤ አረንጓዴ ካፖርት፤
ከላይ ሁለተኛው ቁልፍ የለም፤ በቦታው ጥቁር ክር ተንጠልጥሏል።

አየሁት።